ለአሮጌ አውቶሞቢል የሚስማማ ካንዴላ ስለ መምረጥ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ጥቂት ቃል ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ፣ ቁመቱ ከአንድ ጣት የማይበልጥ፣ ዋጋውም ከአውቶሞቢል ዕቃዎች ሁሉ ዝቅተኛ ከሆኑት አንዱ የሆነው ካንዴላ ነው። ምናልባት ከእናንተ መካከል፣ «ስለ እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር በሬዲዮ መናገር ምን ያስፈልጋል? ይህ የመካኒክ ሥራ አይደለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሴ አጭር ነው። ካንዴላውን የሚያስገባው መካኒኩ ቢሆንም፣ ገንዘቡን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። ባልተስማማ ካንዴላ ምክንያት ሞተሩ የተበላሸ እንደ ሆነም፣ ጧት ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት፣ ሌሊት በሽተኛውን ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርስበትን የሚያጣው ያው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ማወቅ የሚገባውም እርሱ ነው።

በከተማችን በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው አውቶሞቢል ሲኖረው፣ ያ አውቶሞቢል ብዙውን ጊዜ አዲስ አይደለም። ወይ ከአባት የተወረሰ ቮልስ ነው፤ ወይ በታክሲነት ብዙ ዘመን ካገለገለ በኋላ ለቤት ሥራ የዋለ ላዳ ነው፤ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚሻል የጃፓን ሥራ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ስለ ወሰነ፣ በእጃችን ያለውን አሮጌ ሞተር ጠብቆ ማቆየት ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል። አሮጌ ሞተርም እንደ ሽማግሌ ሰው ነው፤ ልማዱን ካወቁለት ብዙ ያገለግላል፤ የማይስማማውን ከሰጡት ግን ቶሎ ይታመማል።

ካንዴላ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የተገኘ ሲሆን፣ ትርጓሜው ሻማ ማለት ነው። ስሙም ከሥራው ጋር የተስማማ ነው፤ ምክንያቱም በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀውን የቤንዚንና የአየር ድብልቅ የሚለኩሰው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 በፈረንሳይ አገር ይኖር የነበረው ኤትየን ሌኗር የሠራው የጋዝ ሞተር በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚቀጣጠል ነበር። ይሁን እንጂ ለፈጣን ሞተር የሚበቃ አስተማማኝ ብልጭታ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ይኸውም በሽቱትጋርት ከተማ በሮበርት ቦሽ ድርጅት ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ጎትሎብ ሆኖልድ፣ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጥ ማግኔቶ ከካንዴላ ጋር አቀናጅቶ ባዘጋጀ ጊዜ ነው። ዛሬ በእጃችን የምንይዘው ካንዴላ የዚያ ሥራ ተከታይ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ከባትሪው የሚወጣው ኤሌክትሪክ 12 ቮልት፣ በጥንቶቹ ቮልሶችም 6 ቮልት ብቻ ነው። ቦቢናው ይህን ከ10,000 ቮልት በላይ ከፍ ያደርገዋል፤ ዲስትሪቢውተሩም ለአራቱ ሲሊንደሮች በተራ ያከፋፍለዋል። ይህ ኃይል በካንዴላው ነጭ ሸክላ ውስጥ በሚያልፈው መካከለኛ ብረት ወርዶ፣ በእርሱና በጎኑ ብረት መካከል ያለችውን ጠባብ ክፍተት ሲዘል ብልጭታ ይሆናል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ በሚዞርበት ሰዓት እያንዳንዱ ካንዴላ በሰከንድ 25 ጊዜ፣ አራቱ ባንድነት 100 ጊዜ ይበራሉ። እንግዲህ ከአራቱ አንዱ ሥራውን ቢያጓድል፣ በአንዲት ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል ቤንዚን ሳይቃጠል በማርሚታው በኩል ወደ ውጭ እንደሚወጣ አስቡት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ካንዴላ በምንመርጥበት ጊዜ ልንጠይቃቸው የሚገቡ አራት ነገሮች አሉ። እነርሱም የጥርሱ ውፍረት፣ የጥርሱ ርዝመት፣ የሙቀት ደረጃውና የብልጭታው ክፍተት ናቸው። ከአራቱ አንዱ እንኳ ቢጓደል ካንዴላው ለዚያ ሞተር የተሠራ አይደለም።

የመጀመሪያውና ሁለተኛው፣ ማለት ውፍረቱና ርዝመቱ፣ በዓይን የሚታዩ ናቸው። ነገር ግን ብዙ ሰው የሚታለለው በእነዚሁ ነው። የቮልስም የላዳም ካንዴላ የጥርሱ ውፍረት 14 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ የአንዱ በሌላው ቀዳዳ ያለ ምንም ችግር ይገባል። ርዝመታቸው ግን የተለያየ ነው፤ የቮልሱ 12.7 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የላዳው 19 ሚሊሜትር ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ6 ሚሊሜትር ጥቂት ይበልጣል። ይህ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲታይ ከቁም ነገር የማይገባ ይመስላል፤ በሞተር ውስጥ ግን ትልቅ ነው።

አንድ የማውቃቸው የመሥሪያ ቤት ባልደረባ፣ ላዳቸው ጧት ጧት አልነሣ ስላላቸው ካንዴላ ሊገዙ ሄዱ። ሻጩም፣ «ጌታዬ፣ ሁሉም 14 ነው፤ ይህ ይረክሳል» ብሎ አጭሩን ሰጣቸው። ካንዴላዎቹ ገቡ፤ ሞተሩም ተነሣ። እርሳቸውም ደስ ብሏቸው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን አውቶሞቢሉ ዳገት እንቢ እያለ፣ ቤንዚን እያበዛ ስላስቸገራቸው፣ አንድ ልምድ ያለው መካኒክ ዘንድ ወሰዱት። መካኒኩ ጥፋቱን ወዲያው ዐወቀ፤ ትክክለኛውን ረጅም ካንዴላ ለማስገባት ሲሞክር ግን ከቀዳዳው ግማሽ ላይ ቆመ። አጭሩ ካንዴላ ሳይሸፍነው የቀረው የታችኛው ጥርስ በጥቀርሻ ተሞልቶ ደርቆ ነበርና፣ በግድ ሲገፋ የአሉሚኒየሙ ጥርስ ተላጠ። ቴስታታው ወርዶ ጥርሱ እንደ ገና እስኪሠራ ድረስ ብዙ ቀን ቆመ። ለካንዴላው ያተረፉት ጥቂት ብር የአንድ ወር ደመወዛቸውን ይዞ ሄደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይኸው ነው።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ለላዳ የተሠራው ረጅሙ ካንዴላ በቮልስ ውስጥ ቢገባ፣ ጫፉ ወደ ማቃጠያው ክፍል አልፎ ስለሚወጣ ፒስተኑ ሊመታው ይችላል። ባይመታው እንኳ የተጋለጠው ጥርስ እየጋለ እንደ ፍም ሆኖ፣ ድብልቁን ያለ ጊዜው ያቀጣጥለዋል። ስለዚህ አዲሱን ካንዴላ ከመግዛታችሁ በፊት፣ ከሞተሩ የወጣውን በአጠገቡ አድርጋችሁ ርዝመታቸውን አስተያዩ። ነገር ግን አሮጌውን ብቻ አትመኑ፤ ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት ሳያውቅ ያስገባው ሊሆን ይችላልና። እውነተኛው ዳኛ ከፋብሪካው ጋር የመጣው የአውቶሞቢሉ መጽሐፍ ነው።

ሦስተኛው ነገር የሙቀት ደረጃ ነው። ይህ በዓይን ስለማይታይ፣ በተለይ ልብ ልንለው የሚገባ ነው። እመቤቶቻችን እንጀራ ሲጋግሩ እንደሚያውቁት፣ ምጣዱ ሳይግል ሊጡ ቢፈስበት ይጣበቃል፤ ከልክ በላይ ቢግል ደግሞ እንጀራው ያራል። ካንዴላም እንደዚሁ ነው። ጫፉ ቢያንስ 450 ዲግሪ ያህል ካልሞቀ፣ በላዩ የሚያርፈውን ጥቀርሻ አቃጥሎ ራሱን ማጽዳት አይችልም፤ ከ850 ዲግሪ በላይ እጅግ ከጋለ ደግሞ ብልጭታውን ሳይጠብቅ ድብልቁን በራሱ ግለት ይለኩሳል። ድብልቁ ያለ ጊዜው ሲቃጠል፣ ፒስተኑ ገና ወደ ላይ ሲወጣ እሳቱ ወደ ታች ይገፋዋል፤ በዚህም ፒስተን እስከ መቅለጥና እስከ መበሳት ይደርሳል።

ፋብሪካዎች ይህን የሚመጥኑት በሸክላው ጫፍ ርዝመት ነው። ጫፉ ረጅም የሆነው ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ትኩስ ካንዴላ ይባላል። አጭር የሆነው ሙቀቱን ቶሎ ወደ ቴስታታው ስለሚያሳልፍ ቀዝቃዛ ካንዴላ ይባላል። እዚህ ላይ ትኩሱ ይበልጣል ወይም ቀዝቃዛው ይሻላል የሚባል ነገር የለም። ለሞተሩ የተስማማው ነው የሚሻለው።

ደረጃውም በካንዴላው ላይ በቁጥር ተጽፏል። ነገር ግን፣ የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የቁጥሩ ትርጉም ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ ይለያያል። ኤንጂኬ በተባለው የጃፓን ካንዴላ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው፤ ስለዚህ 6 ቁጥር ከ5 ቁጥር ይቀዘቅዛል። በጀርመኑ ቦሽ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ 8 ቁጥር ከ7 ቁጥር የሞቀ ነው። በሩሲያ ሥራ ደግሞ እንደ ጃፓኑ ቁጥሩ ሲያድግ ቅዝቃዜው ያድጋል። ስለዚህ የአንዱን ፋብሪካ ቁጥር ይዞ የሌላውን ፋብሪካ ካንዴላ መግዛት፣ የጫማ ቁጥር ይዞ ባርኔጣ እንደ መግዛት ነው።

ለአሮጌ አውቶሞቢል ባለቤት አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ቦሽ ራሱ በቀድሞ ዘመን የሚጠቀምበት አቆጣጠር ከአሁኑ የተለየ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይቀዘቅዝ ነበር። በብዙ የቮልስ መጻሕፍት ላይ የተጻፈው ደብልዩ145ቲ1 የሚለው ስም የዚያ ዘመን ነው። ዛሬ የእርሱን ቦታ የያዘው ደብልዩ8ኤሲ ይባላል። ስለዚህ አሮጌውን መጽሐፍ ገልጣችሁ ስሙን በሱቅ ብታጡት፣ ሻጩ በግምት እንዲመርጥላችሁ አትፍቀዱ፤ አሮጌውን ስም ከአዲሱ ጋር የሚያዛምደውን የፋብሪካውን ሰንጠረዥ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

ይህን ይበልጥ ግልጽ ለማድረግ፣ በከተማችን የታወቁትን ሁለቱን አውቶሞቢሎች እንውሰድ። እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ በሜክሲኮ ሲሠራ የቆየው ቮልስ፣ ለተለመደው ባለ አየር ማቀዝቀዣ ሞተሩ ከቦሽ ደብልዩ8ኤሲ፣ ከኤንጂኬ ደግሞ ቢ5ኤችኤስ ይስማማዋል። እ.ኤ.አ. በ1970 መሠራት የጀመረውና ከፊያት 124 የተወለደው ላዳ፣ ከፋብሪካው ይዞት የሚመጣው አ17ዴቬ የተባለው የሩሲያ ካንዴላ ነው፤ ከቦሽ ደብልዩ7ዲሲ፣ ከኤንጂኬ ቢፒ6ኢኤስ ይተኩታል። የኤንጂኬን ስም ማንበብም አስቸጋሪ አይደለም። «ቢ» የጥርሱ ውፍረት 14 ሚሊሜትር መሆኑን፣ «ፒ» የሸክላው ጫፍ ወደ ፊት የወጣ መሆኑን፣ ቁጥሩ የሙቀቱን ደረጃ፣ «ኤች» 12.7 ሚሊሜትር፣ «ኢ» 19 ሚሊሜትር ርዝመትን ያመለክታሉ። ይህን ያህል ብቻ ያወቀ ሰው በሱቅ ፊት ሲቆም በቀላሉ አይታለልም።

በስሙ መካከል «አር» የሚል ፊደል ከተጨመረ፣ ካንዴላው በውስጡ 5,000 ኦም ያህል መቋቋሚያ አለው ማለት ነው። ይህ ፊደል እኛን የሬዲዮ ሰዎች በተለይ ይመለከተናል። ብልጭታ በባሕርዩ የሬዲዮን ሞገድ የሚረብሽ ነውና፣ አውቶሞቢሉ በሚነዳበት ጊዜ በንግግራችን መካከል ጠጠር በቆርቆሮ ላይ እንደሚፈስ ያለ ድምፅ የምትሰሙ ከሆነ፣ ምክንያቱ ጣቢያው ሳይሆን የራሳችሁ ሞተር ሊሆን ይችላል። በአብዛኛው አሮጌ አውቶሞቢል ላይ ባለ «አር» ካንዴላ ቢገባ ጉዳት የለውም፤ የሌላው መለኪያ ሁሉ የተስተካከለ ይሁን እንጂ።

አራተኛው ነገር የብልጭታው ክፍተት ነው። ለቮልስ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር፣ ፑንቲና ላለው ላዳ ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊሜትር፣ ፑንቲናው ቀርቶ በኤሌክትሮኒክ ለሚሠራው ላዳ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው። አዲስ ካንዴላ ከካርቶኑ ሲወጣ ክፍተቱ ለእናንተ ሞተር የተስተካከለ ነው ብላችሁ አትመኑ፤ በክፍተት መለኪያ ስስ ብረት ይለካ። ክፍተቱ ቢሰፋ አሮጌው ቦቢና ኃይል ያንሰዋል፤ ቢጠብ ብልጭታው ደካማ ሆኖ ድብልቁን በሚገባ አይለኩስም። ለማስተካከል ሲታጠፍ የጎኑ ብረት ብቻ ይታጠፍ፤ መካከለኛው ከተነካ ሸክላው ይሰነጠቃል።

እስካሁን የተናገርሁት በየትም አገር የሚሠራ ነው። ለአገራችን ደጋ ግን የተለየ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በባሕር ጠረፍ ልክ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲሠራ አየሩ ስለሚሳሳበት፣ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛል። በዚህም ምክንያት ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል። በተለይ ከቤት እስከ መሥሪያ ቤት ብቻ የሚነዳ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ የሚቆም አውቶሞቢል ይህ ይበዛበታል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰዎች፣ «ጥቀርሻ ከያዘ ትኩስ ካንዴላ አግባበት» ብለው ይመክራሉ። እውነት ነው፤ ትኩስ ካንዴላ ጥቀርሻውን ያቃጥለዋል፤ ሞተሩም ለጊዜው የዳነ ይመስላል። ነገር ግን ያ አውቶሞቢል ሁልጊዜ በከተማ አይቀርም። ለበዓል ቤተ ሰብ ተጭኖበት ወደ አዋሽ ሲወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ አየሩ ይወፍራል፤ ሙቀቱ ይበረታል፤ ጉዞውም ረጅምና ፈጣን ይሆናል። ወይም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ፣ እንደ ገና ወደ ደጀን ያን ሁሉ ዳገት በሙሉ ኃይል ይወጣል። በከተማ ጥቀርሻን ያጠፋው ትኩስ ካንዴላ፣ በዚያ ቆላ ላይ ፒስተኑን የሚበሳው እርሱ ነው። ቤተ ሰብ ይዞ በበረሃ መካከል መቆም ምን ማለት እንደ ሆነ ለእናንተ መንገር አያሻኝም። ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፤ ካንዴላው መጽሐፉ በሚያዝዘው የሙቀት ደረጃ ይሁን፤ ለደጋው አየር የሚስተካከለው ካርቡራቶሩ ነው። የቤንዚን መመጠኛዋን ቀዳዳ ለከፍታው ልክ ማድረግ ለአዋቂ መካኒክ የተለመደ ሥራ ነው።

ከዚህም የተነሣ፣ አሮጌውን ካንዴላ ፈታችሁ ከመጣላችሁ በፊት ፊቱን ተመልከቱ። ካንዴላ በሞተሩ ውስጥ ተቀምጦ የሆነውን ሁሉ ያየ ምስክር ነውና፣ ቃሉን ሳይሰጥ ሊሰናበት አይገባም። አራቱም ከየትኛው ሲሊንደር እንደ ወጡ በተራ ይቀመጡ። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፣ ወይም የአየር ማጣሪያው በአቧራ ታፍኗል፣ ወይም ቾኩ ተጣብቆ ቀርቷል፣ ወይም ብልጭታው ደክሟል። እርጥብና ዘይታም ጥቁር ከሆነ ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል እየገባ ነው፤ የፒስተኑ ፋሻ ወይም የቫልቩ መምሪያ አርጅቷል። ነጭ ሆኖ ሸክላው የቆሳሰለ፣ ብረቱም የቀለጠ ከሆነ ከመጠን ያለፈ ግለት አለ፤ ይህ ሲታይ አውቶሞቢሉ ምክንያቱ ሳይታወቅ ረጅም መንገድ አይሂድ።

አሮጌ መጻሕፍት የጤነኛውን ካንዴላ ቀለም ሲገልጹ፣ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይጨመር በነበረበት ዘመን እንደ ተጻፉ ማስታወስ ይገባል። እርሳስ ያለበት የአውቶሞቢል ቤንዚን በዓለም ላይ መሸጡ ያበቃው፣ አልጄሪያ በ2021 እ.ኤ.አ. ካቆመች በኋላ ነው። በዛሬው ቤንዚን የሚሠራ ጤነኛ ካንዴላ በመጽሐፉ ከተጻፈው ይልቅ ፈዘዝ ብሎ ቢታይ ስለዚህ አትደንግጡ።

ቮልስ ላላቸው ደግሞ አንድ ልዩ ምክር አለኝ። ከ1971 እ.ኤ.አ. በፊት በተሠሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የሚነፍሰውን አየር ስለሚጋርድበት፣ በግራ በኩል ከፊት ያለው ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቃል። የዚህ ሲሊንደር ካንዴላ ከሦስቱ ይልቅ ነጥቶ ከተገኘ፣ ሞተሩ አስቀድሞ የሚያሰማው ጩኸት ነውና በቸልታ አይታለፍ።

ከዚህ የምንረዳው ሌላ ነገር አለ። ካንዴላ መለወጥ ሌላ በሽታ አያድንም። ፑንቲናው ተበልቶ እያለ፣ ክፍተቱም ከ0.4 ሚሊሜትር ወጥቶ እያለ፣ ወይም የካንዴላው ሽቦ ተሰነጣጥቆ እያለ፣ አዲስ ካንዴላ መደርደር ገንዘብ መበተን ነው። ፋሻው ላረጀ ሞተር ትኩስ ካንዴላ ሰጥቶ ዘይቱን ማቃጠልም፣ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ውስጥ ምንጣፍ እንደ መለወጥ ነው።

ስለ ዋጋም ጥቂት ልበል። በሱቆች ፕላቲኒየምና ኢሪዲየም የተባሉ ውድ ካንዴላዎች ይታያሉ። እነዚህ ረጅም ዕድሜ ያላቸው፣ ለአዳዲስ ሞተሮችም የተገቡ ናቸው። ካርቡራቶርና ፑንቲና ላለው አሮጌ ሞተር ግን መደበኛው የኒኬል ካንዴላ ይበቃዋል። ከ15,000 እስከ 20,000 ኪሎሜትር ባለው ጊዜ አራቱን ባንድነት መለወጥ፣ አንድ ጊዜ ውዱን ገዝቶ ከመርሳት የሚሻል ነው። ከዋጋው ይልቅ መፍራት የሚገባን አስመስሎ የተሠራውን ነው። ጽሕፈቱ የደበዘዘ፣ የጥርሱ አወጣጥ ሸካራ የሆነ፣ የጎኑ ብረት ከመካከለኛው ፊት ለፊት ያልቆመ፣ ወይም ሮንዴላው በጣት ተፈትቶ የሚወጣ ከሆነ፣ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስም ምንም ቢሆን አትግዙት።

በመጨረሻ ስለ አገባቡ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን፤ ቴስታታው አሉሚኒየም ስለ ሆነ በጋለበት ጊዜ ጥርሱ በቀላሉ ይጎዳል። ካንዴላው ከመፈታቱ በፊት በዙሪያው ያለው አቧራ ተነፍቶ ይጥራ፤ አለዚያ አቧራው ወደ ሲሊንደር ይወርዳል። አዲሱ መጀመሪያ በእጅ ብቻ ይዙር፤ በእጅ እንቢ ካለ ጠሞ ነው የገባውና ወጥቶ እንደ ገና ይጀመር። በእጅ ዞሮ ከተቀመጠ በኋላ፣ አዲስ ሮንዴላ ያለው ከሆነ በኪያቤ ግማሽ ዙር ወይም ጥቂት ብቻ ከዚያ የሚበልጥ ይጠበቅ። ጉልበት የሚያሳዩበት ቦታ አይደለም። በጣም ላልቶ የቀረም ሙቀቱን ወደ ቴስታታው ማሳለፍ ስለማይችል፣ ደረጃው ትክክል ሆኖ ሳለ ይግላል።

የተከበራችሁ አድማጮችና አንባቢዎች፤ በመሥሪያ ቤታችን ለእያንዳንዱ ጉዳይ መዝገብ እናቆማለን። ለአውቶሞቢላችንም አንዲት ትንሽ ደብተር ብናቆም አይበዛበትም። የካንዴላው ሙሉ ስም፣ የጥርሱ ርዝመት፣ ክፍተቱ፣ የገባበት ቀንና የኪሎሜትሩ ቁጥር፣ ሲወጣም ፊቱ የነበረው ቀለም ይጻፍበት። ሻጩ «ይህም ያው ነው» ሲላችሁ፣ ደብተሩን ገልጣችሁ «ያው አይደለም» ለማለት ትችላላችሁ። ይህች አንዲት ቃል የአንድ ወር ደመወዝ፣ አንዳንዴም አንድ ሞተር ታድናለች። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

 መንገዳችሁ የቀና፣ ብልጭታችሁ የማይጓደል ይሁን። ደኅና ሁኑ።